ሲባጎው ውስጥ ስድብ የለም

ሥራ የተውኩት ቁባ በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ ባየሁ ቀን ነው። ጉደር መንገድ ዳር ሻይ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ አንድ አይሱዙ የሚያብረቀርቅ የላሜራ ቁባ በገመድ ጠፍሮ ተሸክሞ ያልፋል። ሙሉ የመስጊድ ጉልላት! ጫፉ ላይ ያለችው ጨረቃ ሳትቀር ተበይዳ መጥታለች። ረዳቱ ጎኑ ላይ ደገፍ ብሎ በቆሎ ይግጣል። "ያ ዋቆ!" አልኩ፤ ጌታ ሆይ ማለቴ ነው። እኛ አንድ ቁባ ለማቆም በጋውን ሙሉ ስንፋለም የኖርን ሰዎች ነን፤ ይኸው አሁን ከአዲስ አበባ ተሠርቶ እንደ ሶፋ ይመጣል። ጉልበቴም ቢሆን ስካፎልዲንግ ላይ ስወጣ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል። ሻዬን ጨርሼ ቤት ገባሁና ባለቤቴን ጫልቱን "ከዛሬ ጀምሮ ጡረተኛ ነኝ" አልኳት።

"ማን ጡረታ ሰጠህ?" አለችኝ።

"አይሱዙ።"

በሳምንቱ የዚያ ቁባ ባለቤቶች፣ ሁለት የመስጊድ ኮሚቴ ሰዎች፣ ቤቴ ድረስ መጡ። "ኦቦ ገመዳ፣ ቁባውን ገዝተናል፤ ሚናራውንም የሚሠራልን አግኝተናል። ከእርስዎ የምንፈልገው ግድግዳውን ነው" አሉኝ።

"የቱን ግድግዳ?"

"ያንን በካቺሲ መንገድ የሠሩትን ነዋ! ከአንዱ ጥግ ቀጠን ብሎ ተነስቶ ወደ ሌላው ጥግ እየወፈረ የሚሄደውን። መስኮቶቹ እየጠለቁ እየጠለቁ የሚሄዱትን። ፎቶው የሰው ሁሉ ስልክ ላይ አለ፤ እንዴት ያለ ዲዛይን ነው!"

ሳቄ መጣና ሻዩ ትን አለኝ። ጫልቱ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ሰዎቹ ግራ ገብቷቸው ይተያያሉ። እነሱ ዲዛይን የሚሉት ግድግዳ በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ ከማላውቅበት ቀን የተረፈ ነገር ነው። ለእነሱ ያጫወትኳቸውን ለእናንተም ላጫውታችሁ።

የአምቦ ልጅ ነኝ፤ ሙያዬ ድንጋይ ጠራቢነት ነው። የአምቦን ድንጋይ መስመሩን አይተህ ከመታኸው እንደፈለግከው ይታዘዝልሃል፤ ሳታየው ከመታኸው ለሁለት ተሰንጥቆ ያሳፍርሃል። ለብዙ ዓመት አጥር፣ ደረጃ፣ የመምህራን ቤት ስገነባ ኖርኩ። ክርስቲያን ነኝ፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አልቀርም። መስጊድ እሠራለሁ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም ነበር። ጠባዬም ለቅዱስ ቦታ የሚሆን አልነበረም፤ አፌ ክፉ ነው። ድንጋይ ሲወድቅ እሳደባለሁ፣ ሲሚንቶ ሲዘገይ እሳደባለሁ፣ ምንም ሳይሆን ሲቀርም ለጥንቃቄ እሳደባለሁ።

ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጋሽ ኸይሩ የሚባሉ የስልጤ ሰው አንድ መስጊድ ሊያሰፉ አምቦ መጡ። መስጊድ በመሥራት የታወቁ ዋና ግንበኛ ናቸው። ለሚህራቡ ቅስት ጥርብ ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ሲፈልጉ ሰዎች ከእኔ ጋር አገናኟቸው። ሚህራብ ማለት ኢማሙ ፊቱን አዙሮ የሚቆምበት፣ ግድግዳው ውስጥ ገባ ያለው ቦታ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ የቀን ሠራተኛ የጠረብኩትን ድንጋይ ጥሎ ጥጉን ሰበረብኝ። "አንተ ድንጋይ ራስ! እጅህ ቅቤ ነው እንዴ?" ብዬ ከእናቱ ጀምሬ ልወርድበት ስል ጋሽ ኸይሩ ቀና አሉ።

"ገመዳ፣ ውጣ።"

በመጀመሪያው ቀን ተባረርኩ ብዬ ክው አልኩ።

"ከሲባጎው ውጣ ነው የምልህ" አሉኝ፤ በችካሎቹ ላይ የተወጠረውን ገመድ እያሳዩኝ። "እዚያ ማዶ ቁምና የፈለግከውን ተሳደብ። ስትጨርስ ግባ። ሲባጎው ውስጥ ስድብ የለም።"

ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃዬን ሰብስቤ እሄድ ነበር። ግን ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ወጣሁ፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ፊት ቆሜ የልቤን ተናገርኩ፤ ተመልሼ ገባሁ። ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ወዲህ በየሄድንበት ከተማ ፊቴ ሲቀላ "ኦቦ ገመዳ ሊወጣ ነው!" ይባል ጀመር። አንዳንዴ ሲባጎው ጋ ስደርስ ንዴቴ ያልቅና እንደ ሞኝ ቆሜ እመለሳለሁ። ተንኮላቸው የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ጠየቅኳቸው። "ጋሽ ኸይሩ፣ ገና መሠረት እንኳ አልወጣም። ግድግዳ የለ፣ ጣራ የለ። ምኑ ነው መስጊድ የሆነው?"

ቆሏቸውን ከመዳፋቸው እየቆረጠሙ እንዲህ አሉኝ፤ "መስጊድ ግድግዳ አይደለም ልጄ። መስጊድ አቅጣጫ ነው። ነቢዩ መዲና ላይ የሠሩት በጭቃ ጡብና በተምር ግንድ ነበር፤ ሚናራ የለው፣ ቁባ የለው። በየገጠሩ አያቶቻችን የሰገዱበት የሣር ክዳን ጎጆም መስጊድ ነው። ቁባ ለድምፅና ለብርሃን ይረዳል፣ ሚናራ ለአዛን ይረዳል፣ ቅስቱ ለዓይን ነው። እነሱ ቢቀሩ ሶላቱ አይቀርም። ቂብላው ከጠፋ ግን የሠራኸው አዳራሽ ነው።"

ቂብላ ማለት ወደ መካ ያለው አቅጣጫ ነው። ሕንፃው በሙሉ የሚታዘዘው ለእሱ ነው፤ መንገዱ በዚህ ዞረ፣ ቦታው በዚያ ጠበበ ማለት አይሠራም። ጋሽ ኸይሩ ደግሞ ቂብላ ሲያወጡ ኮምፓስ የሚባል ነገር አይነኩም ነበር። መሬቱን ያስተካክላሉ፣ ቀጥ ያለ ዘንግ ይተክላሉ፣ በዘንጉ ዙሪያ በገመድ ክብ ያሰምራሉ። ከዚያ ቁጭ ነው። ጧት የዘንጉ ጥላ ረጅም ስለሆነ ከክቡ ውጭ ይሆናል። ፀሐይ ከፍ ስትል ጥላው እያጠረ መጥቶ ጫፉ ክቡን ይነካል፤ እዚያ ላይ ችካል ይመታሉ። ከሰዓት በኋላ ጥላው በወዲያኛው በኩል እየረዘመ ሲወጣ ክቡን ደግሞ ይነካል፤ እዚያም ችካል። ሁለቱን ችካሎች የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅና ምዕራብ ነው። በእሱ ላይ ቀጥ ያለ ማዕዘን ስታወጣ ሰሜን መጣልህ። ከእኛ አገር መካ በሰሜን ነው፤ ትንሽ ብቻ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ትላለች፤ ያቺን ዘንበል ጋሽ ኸይሩ በእጃቸው ያውቋታል።

ቀኑን ሙሉ አይናገሩም። ሰው ሰላም ሲላቸው በእጃቸው ነው የሚመልሱት። የመጀመሪያ ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጬ ስውል ልፈነዳ ነበር። "ይኼን በአምስት ደቂቃ የሚያሳይ ስልክ እኮ አለ" ስላቸው፣ ማታ ሲባጎው ከተወጠረ በኋላ ነው መልስ የሰጡኝ። "ስልኩ ቢሳሳት ማንን ትጠይቃለህ?" አሉኝ።

አብረናቸው ብዙ ዞርን። ጉደር ሠራን፣ ጌዶ ሠራን፤ ሸነን ላይ ሚናራ ስናቆም ንፋሱ አርማታ የምንሞላበትን የጣውላ ካሳፎርማ ሁለቴ ወሰደብን። መንገድ በተዘጋባቸው ዓመታት ሲሚንቶ ጠፍቶ ለወራት ድንጋይ ብቻ እየጠረብኩ ከርሜያለሁ። ክፍያው አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይዘገያል፤ በረሃብ አልሞትንም። አለቃችን ሁልጊዜ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴ ደግሞ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አንዱ የቱርክ ቁባ ይፈልጋል፣ አንዱ የዱባይ፣ ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ የሁለቱንም ቅልቅል ያሳይሃል። ጋሽ ኸይሩ ሁሉንም በትዕግሥት ይሰሙና መጨረሻ ላይ ለቦታው የሚሆነውን ይሠራሉ። ከዚያ ሦስቱም "ያልኩት ይኼንኑ ነበር" ይላሉ።

አሁን ወደ ግድግዳው ልምጣ። በካቺሲ መንገድ ላይ ያለች አነስተኛ ከተማ ነች፤ ስሟን ልተወው። አዲስ መስጊድ ሊሠሩ ጋሽ ኸይሩን ጠሩ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ሞራ ይዞት ለሕክምና አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነበር። ለኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ሐጂ ሙደሲር ለሚባሉ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ ደውለው "ገመዳን ልኬላችኋለሁ። እሱ ሠራ ማለት እኔ ሠራሁ ማለት ነው" አሏቸው። አጠገባቸው ሆኜ ሰማሁ። ደረቴ ተነፋ። ለእኔ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ "ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቅ።"

መስከረም ቢጠባም ያን ዓመት ዝናቡ አልወጣ ብሎ ነበር። ዘንጌን ተከልኩ፤ ጥላ የለም። በማግስቱም የለም። ሳምንት ሙሉ ደመና አፍጥጬ ሳይ፣ ሲባጎ ገና ስላልተወጠረ እንደልቤ ስሳደብ ከረምኩ። ሐጂ ሙደሲር በየቀኑ ይመጣሉ። "ገመዳ፣ ሚክሰሩ ለሌላ ሥራ ሊወሰድ ነው። ሕዝቡ ለቁፋሮ ተዘጋጅቶ ቆሟል። እስከ መቼ ነው ሰማይ የምናየው?" በመጨረሻ ከመካ ያመጡትን ጥሩ የነሐስ ኮምፓስ ይዘው መጡ። ኢማሙ ኡስታዝ ጀማልም ስልኩን አወጣ፤ ወጣት፣ ትሁት፣ የተማረ ሰው ነው። እኔም ስልኬን አወጣሁ።

ቦታው ጭቃ ነው። ደረቅና ከፍ ያለ ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ከመኪና አውርደን ድንጋይ ላይ የቆለልነው ፌሮ። ሦስታችንም ጫማችን ጭቃ እንዳይነካ እሱ ላይ ወጣን። ኮምፓሱም፣ ሁለቱም ስልኮች አንድ ቃል ተናገሩ። "በሦስት ምስክር የጸና ነገር!" አልኩ፤ የመጽሐፍ ቃል ጠቅሼ። ሲባጎ ወጠርን፤ ቁፋሮ ተጀመረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኛ ገና ማፍሰሳችንን እንኳ አላወቅንም።

ሥራው ግን አማረ። ኮለኖቹ፣ ምሰሶዎቹ ማለቴ ነው፣ ቆሙ፤ አግዳሚው ቢም ታሰረ፣ የጣራው ሶሌታ ተሞላ፤ መሐል ላይ ለቁባው የሚሆን ክብ ክፍት ቦታ ትተን ግንቦት ደረሰ። አንድ ጁምዓ ኡስታዝ ጀማል ለሕዝቡ አንድ የምሥራች ነገረ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦትና በሐምሌ፣ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከካዕባ በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በዚያች ደቂቃ የትም አገር የቆመ ነገር ጥላው የቂብላን መስመር ይዞ ይወድቃል። "የሐምሌውን ደመና ይሸፍነዋል። በግንቦቱ ግን ተሰብስበን የመስጊዳችንን ቂብላ በዓይናችን እናያለን" አለ። ለምስጋና እንጂ ለምርመራ አልነበረም።

ያን ቀን ከተማው ሁሉ መጣ፤ ክርስቲያን ጎረቤቶችም መጡ። እኔ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ ጢሜን ተላጭቼ፣ ሊመሰገን እንደተጠራ ሰው ፊት ለፊት ቆሜያለሁ። በቁባው ክፍት ላይ ጣውላ አጋድመን ከእሱ ላይ ቱምቢ አወረድን። ብርሃኑ በክፍቱ ገብቶ ወለሉ ላይ አርፏል። ኡስታዝ ጀማል ሰዓቱን ያያል። "አሁን!" አለ።

የቱምቢው ሲባጎ ጥላ የኮለኖቹን ረድፍ ተከትሎ መሄድ ነበረበት። አልሄደም። በሰያፍ አቋርጦት ሄደ።

አንድ ሰው "ቱምቢው ጠሞ ይሆናል" አለ። ቱምቢ እንዴት ይጠማል? መወዛወዙን እስኪያቆም ጠበቅን፤ ያው ነው። ኡስታዝ ጀማል የነሐሱን ኮምፓስ አንስቶ ወደ ሜዳው ወጣ። እዚያ መርፌዋ ከጥላው ጋር ተስማማች። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ተረፈው የፌሮ ቁልል ተጠጋ። እየተጠጋ ሲሄድ መርፌዋ እየዞረች፣ እየዞረች መጣች። ሁላችንም አየናት። ሦስቱ ምስክሮች የተስማሙት አንድ ውሸታም ብረት ላይ ቆመው ኖሯል።

ጉድ ፈላ! ሰው ተንጫጫ፤ በዚያ ግርግር ጥላው ያረፈበትን ቦታ ምልክት ያደረገ እንኳ የለም። ከኋላ አንድ ድምፅ "ድሮስ ለማይሰግድበት ሰው መስጊድ ሲሰጥ..." ብሎ ጀመረ። ኡስታዝ ጀማል አላስጨረሰውም። "ፌሮው ላይ አብሬው የቆምኩት እኔ ነኝ። እኔ እሰግዳለሁ አይደል?" አለ። ይህን ውለታውን እስክሞት አልረሳውም። ሐጂ ሙደሲር ግን የተናገሩት ሌላ ነው። "ገመዳ፣ እኛ ያመንነው ጋሽ ኸይሩን ነው። ስማቸውን ነው ያስያዙልህ" አሉኝ።

ከግድግዳው ውጭ ወጣሁ። ሠራተኞቹ "ኦቦ ገመዳ ወጣ" ሲሉ ይሰማኛል፤ ስድቤን ይጠብቃሉ። አንድም ስድብ አልመጣልኝም። አሸዋ ቁልል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ይፍረስ አለ፤ ሕዝብ ከአፉ ነጥቆ ያዋጣበትን አርማታ! ኡስታዝ ጀማል "ሰልፉን ወደ ቂብላው አዙረን በሰያፍ ብንሰግድ ሶላታችን ትክክል ነው" አለ። ሐጂ ሙደሲር "አዲስ መስጊድ ሠርተን እንደ ተንጋደደ ጥርስ ልንሰለፍ ነው?" ብለው ተቆጡ። በመጨረሻ ጋሽ ኸይሩ እስኪመጡ ምንም እንዳይነካ ተባለ።

መጡ። ጥቁር መነጽር አድርገዋል፤ አንደኛው ዓይን አልዳነም፣ ሁለተኛውም ደክሟል። እጃቸውን ይዤ ውስጥ አስገባኋቸው። ኮለኖቹን አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። "ይቅር ይበሉኝ። ስምዎን አጠፋሁት" አልኳቸው።

"ስሜን ለጊዜው ተወው። ፌሮው ላይ ነው የቆምከው?"

"አዎ።"

"ጭቃ ስለነበረ?"

"አዎ።"

ሳቁ! እንዲያውም ሳቃቸው አዳራሹን ሞላው። "እኔም ብሆን ጭቃ አልወድም" አሉኝ። "በል፣ አሁን ፀሐይ አለች። ዘንግ ትከል። ዓይኔ አንተ ነህ።"

ለሦስት ቀን ሜዳው ላይ ተቀመጥን። ጥላው ክቡን ሲነካ እኔ እናገራለሁ፤ እሳቸው "ጫፉ ነው ወይስ ሆዱ?" ይሉኛል፤ እኔ በደረቴ ተኝቼ አያለሁ። አንድ ቃል አልተሳደብኩም። በሦስተኛው ቀን መስመሩን ወደ አዳራሹ አስገብተን ሲባጎ ወጠርን። ጋሽ ኸይሩ ሲባጎውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። "መስጊዱ ይኼ ነው። ሕንፃውን ደግሞ እናስታርቀው" አሉ።

ለማስታረቁ መምህርት ሰሚራን ጠሩ። አምቦ ውስጥ የሕንፃ ትምህርት የምታስተምር፣ አባቷን የሚያውቁት የወራቤ ልጅ ናት። ላፕቶፗን ይዛ ስትመጣ እኔ ኩርፍ ብዬ ነበር፤ በቁስሌ ላይ ወረቀት ሊለጠፍበት መስሎኝ። ሥዕል ከፈተች። "ጋሽ ገመዳ፣ ይኼ ካይሮ ነው፤ ይኼ ደግሞ ኢስፋሃን። ጥንት መንገዱ በአንድ በኩል፣ ቂብላው በሌላ በኩል ሲሆንባቸው ምን እንዳደረጉ ይዩ" አለችኝ። የውጭው ግድግዳ መንገዱን ይዞ ቆሟል፤ ውስጡ ግን ዞሯል። በሁለቱ መሐል የሚቀረውን ትርፍ ቦታ በወፍራም ግድግዳ ሞልተውታል።

"እነሱም ፌሮ ላይ ቆመው ነበር?" አልኳት።

"የለም፣ እነሱ አውቀው ነው ያደረጉት" አለችና ሳቀች። "እኛም ከዛሬ ጀምሮ አውቀን እናደርገዋለን።"

ኩርፊያዬ እዚያው ለቀቀኝ። ሦስታችን ወለሉ ላይ ተቀምጠን ስንከራከር ዋልን። የእሷ ሐሳብ የፊቱ ግድግዳ ነበር፤ ከውጭ እንዳለ ይቆያል፤ ከውስጥ በጥርብ ድንጋይ አዲስ ፊት ይሠራለታል፣ ቀጥ ብሎ ቂብላውን የሚያይ። በአንዱ ጥግ ቀጭን፣ በሌላው ጥግ ወፍራም ይሆናል ማለት ነው። "ኮለኖቹስ? አራት ማዕዘን ናቸው፤ ጠማማነታቸው ያስታውቃል" አልኩ። ጋሽ ኸይሩ "ክብ አድርጋቸው። ክብ ነገር ፊት የለውም፤ ወዴት ዞረሃል ብሎ የሚጠይቀው የለም" አሉ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ለመንኩ። ቁባው ላይ አንዲት በመስታወት የተከደነች ትንሽ ቀዳዳ ልተው፤ ከሥሯ ጀምሮ ወለሉ ላይ በቂብላው መስመር ነጭ ድንጋይ ላንጥፍ። በየዓመቱ በዚያች የግንቦት ቀን ብርሃኗ መስመሩ ላይ ታርፋለች። ብረት የማያሳስተው ምስክር ፈልጌ ነው። ጋሽ ኸይሩ "ብርሃኗ ከመስመሩ ውጭ ብታርፍስ?" አሉኝ። "ያኔ ዓይንዎ መሆኔ ይቅር" አልኳቸው።

እንደዚያ በጋ በሙያዬ ተደስቼ አላውቅም። ከአምቦ ድንጋይ አስመጣሁ። የመጀመሪያው መስኮት ጥልቀቱ ከመዳፍ አይበልጥም፤ ሁለተኛው ክንድ ያስገባል፤ ሦስተኛው ላይ የቁርኣን መደርደሪያ ወጣለት፤ የመጨረሻው ውስጥ ሰው ተቀምጦ ያነባል። ብርሃኑ በቀጭኑ ጥግ ኃይለኛ ነው፤ ወደ ወፍራሙ ሲሄድ እየለዘበ ይሄዳል። ዛሬ ሽማግሌዎቹ ለዚያች የመጨረሻ መስኮት ወረፋ ይጣላሉ። ለቁባው መሐል ላይ አንድ ምሰሶ አቁመን ከጫፉ ገመድ አሰርን፤ ካሳፎርማው የትም ቦታ ላይ ከገመዱ ርዝመት እንዳይወጣ፣ እንዳይገባ። ጋሽ ኸይሩ ከታች ተቀምጠው መዶሻ ሲመታ በድምፁ ብቻ "ያቺ ጣውላ ወጥታለች፣ መልሷት" ይላሉ። ገመዱን ስንወጥርበት እውነትም ወጥታ እናገኛታለን።

ጨዋታዬ እዚህ ላይ ሲደርስ ቤቴ ከመጡት ሁለት ሰዎች አንዱ "እንግዲያው የእኛ ቂብላ መጀመሪያውኑ ትክክል ከወጣ ወፍራሙ ግድግዳ አያስፈልገንም ማለት ነው" አለ፤ ቅር ብሎት። ሌላው ግን "ቢሆንም ያምራል" አለ። "ዘንግ ትከሉ፣ ፌሮውን አርቃችሁ ቆልሉ፤ ግድግዳውን ከዚያ እንነጋገራለን" አልኳቸው። ጫልቱ ከጓዳ "ጡረታው አለቀ?" ብላ ጮኸች።

ወደዚያች ከተማ ልመልሳችሁ፤ በዓመቱ ግንቦት ተመልሶ መጣ። የዚያኑ ያህል ሰው ተሰበሰበ፤ ከሸነን ሥራ ሊሰጡን አስበው የነበሩ ሰዎችም አይተው ሊወስኑ መጥተዋል። ሐጂ ሙደሲር በር ላይ ያዙኝ። "ገመዳ፣ ዛሬም ከሳተ መስጊዱን አላፈርስም፤ በሰያፍም እሰግዳለሁ። የጋሽ ኸይሩን ስም ግን ሁለተኛ አላነሳም" አሉኝ። ሸሚዝ እንኳ አልቀየርኩም፤ በሥራ ልብሴ ነበርኩ።

ጧት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ሰዓቱ ሲቃረብ ደመና መጣ። ጋሽ ኸይሩ ነጩ መስመር አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ያኔ ዓይናቸው ብርሃንና ጨለማን ብቻ ነው የሚለየው። መዳፋቸውን ዘርግተው መስመሩ ላይ አኖሩ። ኡስታዝ ጀማል ሰዓቱን ያያል፤ እኔ መስታወቷን አያለሁ። ደመናው አይነቃነቅም። ስድብ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት፤ ሲባጎው ውስጥ ነኛ።

"ደረሰ" አለ ኡስታዝ ጀማል በቀስታ። ደመናው ሳሳ፤ ወለሉ ላይ አንዲት ክብ ብርሃን ብቅ አለች፣ ደበዘዘች፣ ተመልሳ ደመቀች።

ጋሽ ኸይሩ "የት አረፈች?" አሉ።

"እጅዎ ላይ" አልኩ።

"እኔን ለማስደሰት እንዳይሆን።"

"ሐጂን ይጠይቋቸው።"

ሐጂ ሙደሲር መስመሩ ዳር ተንበርክከዋል። ጢማቸው በእንባ ርሷል። "እጅዎ ላይ ናት፣ ጋሽ ኸይሩ። መሐል መዳፍዎ ላይ" አሏቸው።

ጋሽ ኸይሩ ብርሃኗን እንደያዙ ጣታቸውን ጨበጥ አደረጉ። አዳራሹ "አልሐምዱሊላህ!" በሚል ድምፅ ተናጋ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው "ገመዳ፣ ዓመት ሙሉ ይዘኸው እንደከረምክ አውቃለሁ። በል፣ አሁን ውጣና ተሳደብ" አሉኝ።

ወጣሁ። ከወፍራሙ ግድግዳ ጀርባ ቆሜ ደመናውን ሰደብኩት፣ ፌሮውን ሰደብኩት፣ ጭቃውን፣ ሚክሰሩን፣ የነሐሱን ኮምፓስ ከነዘር ማንዘሩ ሰደብኩት፤ ለራሴም የሚገባኝን አልነፈግኩም። ውስጥ ሕዝቡ ይስቃል፤ ከሁሉም በላይ የሚሰማው የጋሽ ኸይሩ ሳቅ ነው። ስጨርስ ፊቴን ጠረግሁ፣ ጫማዬን አወለቅሁና ገባሁ።